መረብ ይወጠር ወይስ ይላላ? የስፖርት መረቦችን የመምረጥ፣ የመስቀልና የመጠገን ዝርዝር መመሪያ

ኮሜንታተሩ «ኳሷን ከመረብ አገናኛት!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም የሚያየው መቺውን ነው። መረቡን ማን ሰቀለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ለዓመታት ከተጫዋቾቹ ቀድመው ሜዳ ከሚደርሱት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬም ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መረቡ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ደግሞ ጉድ ያደረገኝ ነበር። የእግር ኳስ ጎል መረብ ስጡኝ ብዬ እንደ ከበሮ ወጠርኩት። በጣም ያምራል፤ አንድም የተጨማደደ ቦታ የለውም። ጨዋታው ተጀመረ፣ አጥቂው ጠንከር አድርጎ መታ፣ ኳሷ ገባች፣ መረቡን ነካች፣ በመጣችበት ፍጥነት ተመልሳ ወጣች። ራቅ ብሎ የነበረው ዳኛ ቋሚውን የመታች መሰለው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጭቅጭቅ ለእናንተ ግምት እተወዋለሁ።

ጥፋቴ አንድ ነበር። የመረብ ኳስ መረብ የሚሰቀልበትን መንገድ ጎል ላይ ደገምኩት። መረብ ሁሉ አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም።

ገመዱን ከመንካታችሁ በፊት

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ይህ መረብ ሥራው ምንድን ነው? መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው።

መረቡ ሜዳ ይከፍላል። የመረብ ኳስ፣ ቴኒስ፣ ባድሜንተን፣ የጠረጴዛ ቴኒስ እዚህ ይገባሉ። እንዲህ ያለው መረብ ይወጠራል፤ ቁመቱ የጨዋታው ሕግ ስለሆነ ሕጉ ከሚለው በታች መርገብ የለበትም።

ወይም መረቡ ኳስ ይቀበላል። እግር ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ ሆኪ፣ ዋተር ፖሎ፣ ቅርጫት ኳስ። ይህኛው ይላላል።

ወይም ደግሞ ሰው ይጠብቃል። የዲስከስና የመዶሻ (በሽቦ የታሰረ የብረት ኳስ) ውርወራ አጥር፣ ከጎል ጀርባ የሚተከለው ኳስ ማስቀሪያ፣ የበረዶ ሸርተቴ መውረጃ ዳር የሚደረደረው መረብ። ይህም ይላላል፤ በዚያ ላይ ከኋላው ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኳስ ይዞት የመጣው ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የተወረወረላችሁን እንቁላል ስትቀበሉ እጃችሁን ወደ ኋላ ትስባላችሁ አይደል? የላላ መረብም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አብሮ እየሄደ ጉልበቱን በረጅም ርቀት ይበላዋል። የተወጠረ መረብ ግን ጉልበቱን ለባለቤቱ ይመልሳል። ሆን ተብሎ ኳስ እንዲመልስ የሚሠራ የልምምድ መረብ አለ፤ የቴኒስ ራኬት ፊትም ቢሆን፣ ካሰባችሁት፣ እጀታ ያለው የተወጠረ መረብ ነው።

ስትገዙ

መጀመሪያ ክሩ። ናይለን ጠንካራና ተለጣጭ ነው፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ርዝመቱም ይለዋወጣል። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ውሃ አይጠጡም፤ ደጅ ለሚውል መረብ ይስማማሉ። የሁሉም ጠላት ፀሐይ ነው። በተለይ ፖሊፕሮፒሊን ከፀሐይ የሚከላከል ንጥረ ነገር ካልተጨመረበት ቶሎ ይሰባበራል። ስለዚህ ደጅ የሚሰቀል ከሆነ ፀሐይ የሚችል መሆኑን ጠይቁ። ፖሊስተር ብዙ ስለማይለጠጥ መወጠር ላለበት ሥራ ደህና ነው።

ቀጥሎ ቋጠሮው። ባለ ቋጠሮ መረብ አንድ ክሩ ቢበጠስ በእጅ ይጠገናል። ቋጠሮ የሌለው፣ በማሽን የተጠላለፈው ደግሞ ቆዳ አይልጥም። ሰው ሊደገፍበት ወይም ሊወድቅበት ለሚችል ቦታ ሁለተኛውን ምረጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር። የመረብ ዓይን በሁለት መንገድ ይለካል። አንዱ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፣ በአንድ ጎን ነው። ሌላው ዓይኑ ተስቦ ሲዘጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። በመጀመሪያው 5 ሴ.ሜ የሆነ መረብ በሁለተኛው 10 ሴ.ሜ ይባላል። ሻጩን «በየትኛው አለካክ?» ካላላችሁት ኳሱ የሚያልፍበት መረብ ይዛችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ። ለእግር ኳስ ጎል 12 ሴ.ሜ ጎን ያለው ዓይን የተለመደ ነው። ለቴኒስ ኳስ ወደ 4.5 ሴ.ሜ፣ ለጎልፍ ኳስ 2.5 ሴ.ሜ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን። የጎልፍ ኳስ ዲያሜትሩ 4.27 ሴ.ሜ ገደማ ብትሆንም ፍጥነቷ ዓይኑን ከፍታ እንድትሾልክ ያደርጋታል።

በመጨረሻም አሰቃቀሉ። ዓይኑ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚንጠለጠል መረብ መጠኑን ይጠብቃል። በሰያፍ የሚንጠለጠለው ወደ ጎን ስትስቡት ቁመቱ ያጥራል፣ ወደ ታች ስትስቡት ስፋቱ ይጠብባል። ከፋይ መረብ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ይሁን።

የእግር ኳስ ጎል

የሙሉ ሜዳ ጎል ውስጡ 7.32 ሜትር ስፋት፣ 2.44 ሜትር ከፍታ አለው። መረብ ለመግዛት ግን እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አይበቁም። አራት ነገር ለኩ፤ ስፋቱን፣ ከፍታውን፣ ከአግዳሚው ወደ ኋላ ያለውን ጥልቀት፣ መሬት ላይ ከቋሚው ወደ ኋላ ያለውን ጥልቀት። ሁለቱ ጥልቀቶች ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም። የጎሉን ቅርፅ ሳታውቁ መረብ መግዛት ራስን ሳይለኩ ኮፍያ እንደ መግዛት ነው።

የሚገርመው፣ የእግር ኳስ ሕግ በራሱ መረብ ግዴታ ነው አይልም። መረብ ሊታሰር ይችላል፣ ከታሰረ በደንብ ይደገፍ፣ ግብ ጠባቂውንም አይረብሽ ነው የሚለው። ግዴታ የሚያደርጉት ውድድሮቹ ናቸው። ሐሳቡን ያመጣው የሊቨርፑል ከተማ መሐንዲስ ጆን አሌክሳንደር ብሮዲ ነው። ኳሷ ገባች አልገባችም የሚለውን ጭቅጭቅ ለማስቀረት ነበር። የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በመረብ የተካሄደው በ1892 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ዳኞች እንዴት እንደቻሉት አላውቅም!

አሁን ወደ ሥራው።

1. መረቡን ከማንሳታችሁ በፊት ጎሉን ነቅንቁት። ተንቀሳቃሽ ጎል ከሆነ የኋላ እግሩ መሬት ላይ መታሰር ወይም በቂ ክብደት መሸከም አለበት። በላያቸው በወደቀ ጎል ሕይወታቸው ያለፈ ልጆች አሉ። አግዳሚው ላይ ማንም አይንጠልጠል። ይህ ካልተሟላ መረቡን መልሳችሁ ከረጢት ውስጥ ክተቱት።

2. መረቡን ከጎሉ ጀርባ መሬት ላይ ዘርጉ። የላይኛውን ጠርዝና አራቱን ማዕዘኖች ፈልጉ። ስታገኙ ባለ ቀለም ፕላስተር ጠቅልሉባቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያተርፍላችኋል።

3. ከመሃል ጀምሩ። የመረቡን የላይኛ ጠርዝ መሃል ከአግዳሚው መሃል ጋር እሰሩ። ከዚያ ሁለቱን ማዕዘኖች። ከዚያ በመካከል ያለውን። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው መጨረሻ ላይ ወይ ይተርፈዋል ወይ ያጥረዋል።

4. ማያያዣው በየ20 እስከ 25 ሴ.ሜ ይሁን። ፕላስቲክ ማያያዣ ወይም ገመድ ተጠቀሙ። አፉ የተከፈተ የብረት መንጠቆ ግን አይሆንም። ግብ ጠባቂ ሲዘል ጣቱ ወይም ቀለበቱ ይያዝበታል፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም።

5. በቋሚዎቹ ቁልቁል ውረዱ። የመጨረሻውን ማያያዣ መሬት አጠገብ አድርጉት። ኳስ ሾልካ የምትወጣው ሁልጊዜ ከታች ነው።

6. የኋላውን ክፍል ወደ ላይና ወደ ኋላ የሚይዝ ምሰሶ ወይም ገመድ ካለ አሁን እሰሩ። ገመዱን የምታስሩት ለራሱ በተተከለ ምሰሶ ላይ ብቻ ነው።

7. ታችኛውን ጠርዝ በካስማ ያዙ። ካስማው በየግማሽ ሜትሩ ይሁን፣ ራሱ ከመሬት እኩል ይግባ። ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ካስማ አይመታም፤ የአሸዋ ከረጢት ደርድሩ። ስትይዙት አትሳቡት። የኋላው መረብ ትንሽ ሆድ ይኑረው።

8. ኳስ ይዛችሁ በጎሉ ዙሪያ ሂዱ። በየጠርዙ በእግራችሁ ገፋ ገፋ አድርጉ። ከዚያ አሥር ኳስ ምቱ፣ በተለይ ወደ ታችኛዎቹ ማዕዘኖች። ኳሷ ገብታ ከቀረች ጨርሳችኋል። ተመልሳ ከወጣች አላሉት።

ስድስተኛው ነጥብ ላይ ለምን አከረርክ ትሉ ይሆናል። ሚያዝያ 1 ቀን 1998 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሪያል ማድሪድና ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ሊጫወቱ ነው። የጎሉ መረብ ከጀርባ ካለው አጥር ጋር ታስሮ ነበር። ደጋፊዎች አጥሩ ላይ ወጡ፣ አጥሩ ተንጋደደ፣ ጎሉንም ይዞት ወደቀ። ጨዋታው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። በዓለም ትልቁ የክለቦች ውድድር ላይ!

ስምንተኛውን ያለፈ ደግሞ ጥቅምት 18 ቀን 2013፣ እንደገና በፈረንጆቹ፣ የሆፈንሃይምና የሌቨርኩሰንን ጨዋታ ያስታውስ። ሽቴፋን ኪስሊንግ በጭንቅላት የገጫት ኳስ ወደ ውጭ ሄደች። ከዚያ በጎን መረቡ ቀዳዳ ሾልካ ጎል ውስጥ ተገኘች። ዳኛው ጎል ብለው አጸደቁ፣ ሌቨርኩሰን 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ውጤቱም አልተሻረም። በአንዲት ቀዳዳ! ለዚህ ነው ዳኛ ከጨዋታ በፊት መረብ ሲነካካ የምታዩት።

በእጅ ኳስ መረብ ግዴታ ነው። ሕጉም የተወረወረው ኳስ እንደ ወትሮው ጎሉ ውስጥ እንዲቀር ሆኖ ይታሰር ይላል። ጎሉ 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው፣ የፉትሳልም እንዲሁ። ኳሱ ከቅርብ ርቀት በኃይል ስለሚመጣ ብዙዎች ከዋናው መረብ ፊት ሌላ መጋረጃ መሳይ መረብ ከላይ ብቻ ያንጠለጥላሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቦታ ካላችሁ ለፉትሳልም ተጠቀሙበት። የሜዳ ሆኪ ጎል 3.66 በ2.14 ሜትር ሲሆን መረቡ ኳስ እንዳይመልስ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። የዋተር ፖሎም ያው ነው፤ ልዩነቱ እናንተ መርጠባችሁ ነው።

የመረብ ኳስ

እዚህ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። አሁን እንወጥራለን።

ዊልያም ሞርጋን ይህን ጨዋታ በ1895 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲፈጥር የቴኒስ መረብ ወስዶ ወደ 1.98 ሜትር ከፍ አድርጎ ነበር የሰቀለው። ከአንድ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው። ዛሬ ለወንዶች 2.43 ሜትር፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። ለልጆች ዝቅ ይደረጋል። ልጆች በጫማ ጫፍ ቆመው የማይደርሱበት መረብ ጨዋታውን ያስጠላቸዋል፤ ስለዚህ ዝቅ አድርጉት፣ ማንም አይወቅሳችሁም። ተቀምጠው ለሚጫወቱት ለወንዶች 1.15፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ነው።

መረቡ ራሱ 1 ሜትር ስፋት፣ ከ9.5 እስከ 10 ሜትር ርዝመት አለው። ዓይኑ 10 ሴ.ሜ ነው። የባህር ዳርቻው 8.5 ሜትር ይረዝማል።

ቋሚዎቹን ከጎን መስመሩ ከ50 ሴ.ሜ እስከ 1 ሜትር ውጭ ትከሉ። መሬት ላይ የሚዘረጋ መወጠሪያ ሽቦ አይኑር፤ ተጫዋች ኳስ እያየ ነው የሚሮጠው፣ እግሩን አያይም።

የላይኛውን ገመድ መጀመሪያ መወጠሪያ በሌለው ቋሚ ላይ እሰሩ። ከዚያ በሌላኛው ቋሚ ላይ ባለው መዘውር ቀስ እያላችሁ አዙሩ። እዚህ አንድ ማስጠንቀቂያ። ፊታችሁን መዘውሩ ላይ አትድፉ፣ ሌላም ሰው በገመዱ አቅጣጫ አይቁም። የዛገ የብረት ገመድ ተወጥሮ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመጣል። ክሮቹ መፈልቀቅ የጀመሩ ገመድ ካያችሁ ቀይሩት።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ላይ፣ መለካት፣ ታች፣ ጎን። ብዙ ሰው ላዩንና ታቹን አንድ ላይ ይወጥርና ለምን መሃሉ ረገበ ይላል። የታችኛው ገመድ የላይኛውን ወደ ታች ይስባል። ስለዚህ ላዩን ወጥራችሁ ለኩ፣ ታቹን ወጥሩ፣ እንደገና ለኩ።

ስትለኩ ከሜዳው መሃል ጀምሩ። ከዚያ ሁለቱን የጎን መስመሮች ለኩ። ጎኖቹ እርስ በርሳቸው እኩል መሆን አለባቸው፤ ከሕጋዊው ቁመት በላይም ከ2 ሴ.ሜ መብለጥ የለባቸውም። በየጊዜው ሜትር መዘርጋት የሰለቸው ሰው አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ወስዶ 2.24 እና 2.43 ላይ ምልክት ያድርግበት። የኔ እንጨት ብዙ መረቦችን ሸኝቷል።

ቀጥሎ ከጎን መስመሩ ትክክል በላይ 5 ሴ.ሜ ስፋት ያላቸውን ነጭ ጥብጣቦች እሰሩ። በውጭ ጠርዛቸው አንቴናዎቹ (ኳስ የሚያልፍበትን ወሰን የሚያሳዩት ቀጫጭን ዘንጎች) ይቆማሉ፤ አንዱ በመረቡ በአንድ ፊት፣ ሌላው በተቃራኒው ፊት። አንቴና 1.80 ሜትር ሲሆን 80 ሴ.ሜው ከመረቡ በላይ ይወጣል።

አሁን ኳስ ወደ መረቡ ወርውሩ። በደንብ የተወጠረ መረብ ኳሱን መለስ ያደርገዋል። የላላው ግን ኳሱን ውጦ እንደ ድንጋይ ወደ መሬት ይጥለዋል። ይህ ለውበት አይደለም። ቡድኑ ሦስት ንክኪውን ካልጨረሰ መረብ የነካ ኳስ ማንሳት ይፈቀድለታል። መረባችሁ ከላላ ያንን ዕድል የነጠቃችኋቸው እናንተ ናችሁ።

ቴኒስ፣ ባድሜንተንና የጠረጴዛ ቴኒስ

የቴኒስ መረብ ቁመቱ ጫፍ ላይ 1.07 ሜትር፣ መሃል ላይ 0.914 ሜትር ነው። ብዙ ቦታ የማየው ስህተት መሃሉ 0.914 እስኪደርስ ገመዱን ማላላት ነው። እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ የመሃሉን ጥብጣብ ፍቱ። ገመዱን በደንብ ወጥሩ። ከዚያ መሃሉን በጥብጣቡ ወደ ታች ስባችሁ 0.914 ላይ አስሩ። ሜትር ከሌላችሁ ራኬት አለ። መደበኛ ራኬት 68.5 ሴ.ሜ ገደማ ነው፤ ብታቆሙት ወደ 23 ሴ.ሜ ይቀራችኋል። ያንን 23 ሴ.ሜ በሌላኛው ራኬት ላይ አንድ ጊዜ ለክታችሁ ምልክት ብታደርጉበት ለሁልጊዜ ይሆናችኋል።

በነገራችን ላይ በመሃሉና በጫፉ መካከል ያለው ልዩነት 15.6 ሴ.ሜ ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ መረብ ሙሉ ቁመቱ 15.25 ሴ.ሜ ነው። በቴኒስ ሜዳ ላይ በመስመሩ ትይዩ የሚመታ ሰው ከመሃል ከሚያሳልፈው ሰው ይልቅ ሌላ አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ መረብ ገደማ ጨምሮ ያሳልፋል ማለት ነው።

መረቡ መሬት መንካት አለበት፣ በቋሚውና በመረቡ መካከልም ክፍተት አይኑር። በጥንድ (ሁለት ለሁለት) ሜዳ ላይ ነጠላ (አንድ ለአንድ) ስትጫወቱ ከነጠላው መስመር 0.914 ሜትር ወጣ ብሎ ሁለት 1.07 ሜትር የሚሆኑ ደጋፊ ዘንጎች ከገመዱ ሥር ይቆማሉ። ለመዝናናት ስትጫወቱ ብትተዉትም ሰማይ አይወድቅም።

ባድሜንተን ጫፉ 1.55 ሜትር፣ መሃሉ 1.524 ሜትር ነው። ልዩነቱ 2.6 ሴ.ሜ ብቻ ስለሆነ ቀጥ ያለ መስሎ ይታያል። የመረቡ ስፋት 76 ሴ.ሜ፣ ዓይኑ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ ላዩ ነጭ ጥብጣብ ነው። ቋሚዎቹ ነጠላ ጨዋታም ቢሆን የሚቆሙት በጥንዱ መስመር ላይ ነው። ጫፎቹን ከቋሚዎቹ ጋር ላይም፣ መሃልም፣ ታችም እሰሩ።

የጠረጴዛ ቴኒስን አሳንሳችሁ አትዩት። መረቡ ከጠረጴዛው ጎን 15.25 ሴ.ሜ ወጣ ብሎ ይታሰራል፣ ታቹ ጠረጴዛውን ሊነካ ይቀርባል። መወጠሩን ለማወቅ መሃሉ ላይ 100 ግራም ክብደት ስቀሉ፤ 1 ሴ.ሜ ገደማ ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። ምንም ካልተነቃነቀ ከርሯል፣ ከዚያ በላይ ከወረደ ላልቷል።

ቅርጫት ኳስ

ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 እ.ኤ.አ. ጨዋታውን ሲጀምር የሰቀለው እውነተኛ የፍራፍሬ ቅርጫት ነበር። ከታች ዝግ ስለነበር ኳስ በገባ ቁጥር ማውጣት ያስፈልግ ነበር። የዛሬው መረብ ሥራው ኳሱን ለቅጽበት ያዝ አድርጎ መግባቱን ማሳየት ነው። መረብ በሌለው ቀለበት የተጫወተ ሰው «ገብቷል፣ አልገባም» የሚለውን ክርክር ያውቀዋል።

መረቡ ከ40 እስከ 45 ሴ.ሜ ይረዝማል፣ ሰፊው አፉ ላይ 12 ቀለበቶች አሉት። ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ነው፤ ወንበር ላይ ወንበር አትደርቡ፣ መሰላል አምጡ፣ የሚይዝላችሁም ሰው ይኑር። መጀመሪያ አንዱን አስገቡ፣ ከዚያ ትይዩውን፣ ከዚያ የሁለቱን መሃሎች። አራቱ ከተያዙ መረቡ አይጠማዘዝም፤ የቀሩት ስምንቱ በቀላሉ ይገባሉ። አዲስ መረብ ኳስ ይይዛል። ከመሰላሉ ሳትወርዱ ኳስ ከላይ አስገብታችሁ በእጅ ወደ ታች ግፉ፣ ደጋግማችሁ። የሰንሰለት መረብ ደጅ ዕድሜ አለው፣ ድምፁም ልብ ያሞቃል፤ ግን ለጣት ጨካኝ ነው።

ሰው የሚጠብቁ መረቦች

ቀልዱን እዚህ አቆማለሁ። የወንዶች መዶሻ 7.26 ኪሎ ግራም ነው። የውርወራ አጥሩ ይህን ክብደት በሰከንድ 32 ሜትር እየበረረ ሲመጣ ማቆም መቻል አለበት። ለዚህም ነው የገመድ መረቡ ዓይን ከ45 ሚሊ ሜትር፣ የብረት ሽቦው ከ50 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የተደነገገው። መረቡ ላላ ብሎ ይንጠለጠላል፤ መዶሻው ነጥሮ ወደ ወርዋሪው እንዳይመለስ። ከልምምድ በፊት መረቡን ዙሩት፣ ከታች ያለውንም ጠርዝ እዩ። ማንም ከውጭ ተጠግቶ ወይም ተደግፎ አይቁም። የላላ መረብ ይለጠጣልና መረቡ ያዘው ማለት ከኋላው ያለው ሰው ተረፈ ማለት አይደለም።

ይኸው ሕግ ለሁሉም ኳስ ማስቀሪያ ይሠራል። ላይኛውን ገመድ ወጥሩ፣ መረቡን ግን አትወጥሩ። ከሚሸፍነው ቦታ ትንሽ ሰፋ ያለ መረብ ግዙ። ታቹን 30 ሴ.ሜ ያህል መሬት ላይ ተዉት። ከኋላው ግድግዳ ካለ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ፤ መረቡ ከግድግዳው ጋር ከተላተመ ኳሱን የሚያቆመው ግድግዳው ነው፣ ኳሱም ይነጥራል። ለክሪኬትና ለቤዝቦል መለማመጃ ጓዳ ደግሞ ጣሪያውን አትርሱ።

የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ላይ ያሉት ሰዎች ብልህ ናቸው። 2 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸውን መረቦች በረድፍ በረድፍ፣ ክፍተት እየተዉ ይተክላሉ። የመጀመሪያው ረድፍ ተነቅሎ አብሮ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ይጨምርበታል። የወደቀው ሰው በአንዴ አይቆምም፣ እየቀነሰ ይቆማል።

ተመልካችን የሚጠብቅ መረብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጉዳት በኋላ ነው። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ከጎሎቹ ጀርባ መረብ ግዴታ የሆነው በ2002 እ.ኤ.አ. አንዲት ታዳጊ ተመልካች በፓክ (በሆኪው ጠፍጣፋ የጎማ ኳስ) ተመታ ከሞተች በኋላ ነው። «እይታ ይጋርዳል» የሚል ተመልካች ሁልጊዜ አለ። ጥቁር ቀጭን መረብ ስቀሉለት፤ ትንሽ ቆይቶ መኖሩን ይረሳዋል።

ቀዳዳ ሲወጣ

ለባለ ቋጠሮ መረብ የሚያስፈልጋችሁ መቀስ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ክር፣ ክር የሚጠቀለልበት ጠፍጣፋ የመረብ መርፌና ከዓይኑ ጎን ጋር እኩል ስፋት ያላት ቁራጭ እንጨት ናት። እንጨቷ ዓይኖቹ እኩል እንዲወጡ ትረዳለች።

የተቀደደውን ቦታ በሁለት ወንበሮች መካከል ዘርጉ። ዓይኖቹ በሰያፍ እንዲቆሙ አዙሩት። ቀጥሎ የሚያስፈራው ሥራ ይመጣል፤ ቀዳዳውን ማስፋት። የተንጠለጠሉ ክሮችን ከቋጠሮው አጠገብ ቁረጡ፣ ቋጠሮውን ግን አትንኩ። ስትጨርሱ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ሦስት እግር (ከቋጠሮው የሚወጣ ክር) የቀራቸው ቋጠሮዎች ይኑሩ። የቀሩት ሁሉ ሁለት ሁለት እግር ይኑራቸው። ይህን ካስተካከላችሁ መረቡ ራሱ መንገዱን ያሳያችኋል። ካላስተካከላችሁ መሃል ላይ ክሩ የሚሄድበት ያጣል።

ከላይኛው ባለ ሦስት እግር ቋጠሮ ጀምሩ። ክሩን እሰሩ፣ በእንጨቷ ላይ አዙሩ፣ ወደሚቀጥለው ዓይን ውሰዱ። መርፌውን በዓይኑ ውስጥ ከታች ወደ ላይ አውጡ፣ ከሁለቱ እግሮች ጀርባ አዙሩ፣ ከራሱ ከክሩ ሥር አሳልፉና ጥብቅ አድርጉ። ረድፉን ስትጨርሱ ተመለሱ። የምትጨርሱት ታች ያለው ባለ ሦስት እግር ቋጠሮ ላይ ነው። የክሩን ጫፍ በእሳት ለብለብ አድርጉት፤ ቋጠሮው እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ቀዳዳችሁ አስቀያሚ ይሆናል። አይዟችሁ፣ ኳስ ውበት አይጠይቅም።

ቋጠሮ የሌለው መረብ እንዲህ አይጠገንም። ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓይን የሚተርፍ ቁራጭ ቁረጡና ጠርዙን በቀጭን ገመድ ዓይን በዓይን ስፉት። በእረፍት ሰዓት ቀዳዳ ካገኛችሁ የፕላስቲክ ማሰሪያም ያደርሳችኋል፤ የተቆረጠው ጫፉ ግን እንደ ምላጭ ስለሆነ ወደ ውጭ አዙሩት፣ ማታ ደግሞ አውጡት።

አንዳንዱ መረብ ግን አይጠገንም። ፀሐይ የመታውን ክር በሁለት ጣት ይዛችሁ አሽት አሽት አድርጉ። ዱቄት ከወጣው ወይም ስትስቡት ከተበጠሰ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍኑ ሌላው አጠገቡ ይከፈታል። ከፋይ ወይም ተቀባይ መረብ ከሆነ አንድ ሁለት ጨዋታ ያቆያችሁ ይሆናል። ሰው የሚጠብቅ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አውርዱት።

ሲያልቅ

የወጠራችሁትን አላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ተወጥሮ የሚያድር ገመድ ቋሚውን ያጎብጣል። ማንም በማይጫወትበት ወቅት መረብ ተሰቅሎ አይቆይ፤ ፀሐዩ ይበላዋል፣ ወፎችና ሌሎች እንስሳትም ይጠላለፉበታል። እርጥብ ከሆነ ጥላ ሥር ይድረቅ። አይጥ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

ስትጠቀልሉ ለሁለት ሁኑ። ግራና ቀኙን ይዛችሁ ወደ መሃል እጠፉ፣ ከዚያ ከታችኛው ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ላይኛው ጠቅልሉ። እንዲህ ሲሆን ባለ ፕላስተሩ የላይኛ ጠርዝ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ከረጢቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው እሱ ነው።